የስኬቨኒንገኑ «እሳቸው»

ሮተርዳም ከምኖርበት ሕንፃ ሥር ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ እየጠበሰ የሚሸጥ ሰውዬ ይመጣል። ዘይቱ ሲግል ሽታው እስከ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። ጎረቤቶቼ እየተነጫነጩ መስኮታቸውን ይዘጋሉ፤ እኔ እከፍታለሁ። ያ ሽታ በአፍንጫዬ በገባ ቁጥር የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ስኬቨኒንገን በሚባል የሆላንድ ባሕር ዳር ላይ፣ የገዛ እናቴን እንደ ሌባ በዓይኔ ስከታተል እገኛለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ አምስተርዳም ነበርን፤ እኔና እናቴ ብቻ። አባቴ የሞተው እኔ ሳልወለድ ነው። እናቴ ቀድማኝ ወደዚህ አገር መጣች፤ እኔ በአራት ዓመቴ ተከተልኳት። በመሀል የት እንደነበርኩ ስጠይቃት «ሰው ጋ» ብላ ወሬ ትቀይራለች። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነበር የምትሠራው። ቅዳሜ ፈረቃ ከሌላት ትተኛለች፣ እሁድ ታስቀድሳለች፤ ሽርሽር የሚባል ነገር አታውቅም። ታዲያ አንድ ዓርብ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «ነገ ዴንሃግ እንሄዳለን፤ ባሕሩ አጠገብ እናድራለን» አለችኝ።

«ለምን?»

«ለምን ማለት ምንድን ነው? ሰው አይዝናናም?»

«አንቺ አትዝናኚም» አልኳት።

ሳቀች፤ ግን ያ ሳቅ የእሷ አልመሰለኝም።

ጥርጣሬዬ የጀመረው ግን ከዚያ በፊት ነው። በዚያ ሰሞን ስልክ ሲደወልላት መታጠቢያ ቤት እየገባች በሩን ትዘጋ ነበር። እኔም ጆሮዬን በሩ ላይ እለጥፋለሁ። «እሳቸው ምን አሉ?» ትላለች። «ለልጅቷ ገና አልነገርኳትም፤ ትደነግጥብኛለች።» አንድ ቀንማ «እሳቸው ከመጡ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።

የእኔ አማርኛ የጓዳ አማርኛ ነበር፤ ብዪ፣ ተኚ፣ በሩን ዝጊ። «እሳቸው» የሚባለው ትልቅ ሰው መሆኑን ግን አውቃለሁ። ትልቅ ሰው፣ የድብቅ ስልክ፣ እንቅልፍ ማጣት፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እናቴን አንድ ሽማግሌ ሊያገባት ነው። በሐሳቤ የወርቅ ጥርስና ከዘራ ሰጠሁት። ሶፋችን ላይ ተዘርግቶ ሲያዛጋ ታየኝ። አንድ መኝታ ክፍል ብቻ ነበረችን፤ እናቴና እኔ አንድ አልጋ ላይ እንተኛለን። እኔ የት ልሄድ ነው? በዓለም ላይ ያለችኝን አንዲት ሰው ሊወስድብኝ ነው ብዬ ነው የፈራሁት፤ ከልቤ ፈራሁ።

ቅዳሜ ባቡር ተሳፈርን። ሹሩባ ተሠርታለች። ቦርሳዋ ውስጥ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አየሁ፤ ምንድን ነው ስላት «የሰው ነው» አለች። ዴንሃግ ወርደን መሀል ከተማው ኩሬ ዳር ያለውን አሮጌ ቤተ መንግሥት፣ ከማዶ ሆነን ስናይ ቆየን። ግንቡ ውሃው ውስጥ ተዘቅዝቆ ይታያል፤ ደመናው ሲገለጥ ጡቡ ይቀላል፣ ሲመለስ ይጠቁራል። እናቴ «ስንት መቶ ዓመት ቆሟል መሰለሽ!» ትለኛለች። እኔ ግንቡም አልታየኝ፤ የሚያልፈውን ሽበታም ሁሉ እመረምራለሁ።

ወደ ስኬቨኒንገን የሚሄደውን ትራም ስንጠብቅ፣ ከዘራ የያዙ ሐበሻ አዛውንት ጠጋ አሉንና «ጤና ይስጥልኝ፣ የአገሬ ልጆች ናችሁ?» አሉ።

በቃ፣ መጣ! እናቴ አፏን ሳትከፍት «እናቴ ባል አላት!» ብዬ ጮህኩ።

አዛውንቱ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እሰይ፣ ያኑርላት። እኔ እንኳ ልጠይቅ ያልኩት ስለ ትራሙ ነበር» አሉ።

እናቴ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ትራም ውስጥ «ምን ነካሽ?» እያለች ስትወተውተኝ እኔ የሚሳፈረውን ሽበታም ሁሉ እቆጥር ነበር። ሽማግሌውን ለማባረር ካሰብኩት ገና ምኑ ተነካ።

እሁድ ጠዋት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የት ነው ብላ እንኳ አልጠየቀችም። እናቴን ቅዳሴ ያስቀረ ሰው ተራ ሰው ሊሆን አይችልም አልኩ። ባሕር ዳር ወረድን። ንፋሱ አሸዋ ይበትናል፣ የባሕር ወፎቹ ይንጫጫሉ፣ የዓሣው ጥብስ ሽታ ከየሱቁ ይመጣል። እናቴ በየደቂቃው ሹሩባዋን ትነካካለች። ከሩቅ አንድ ጎልማሳ ሐበሻ ወደ እኛ ሲመጣ አየሁና የእናቴን ክንድ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ሰውየው ግን ሰላም ብሎን ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። ከኋላው የእሱን ሰፊ ጃኬት የለበሱ፣ ነጠላቸው ከጃኬቱ ሥር የሚታይ፣ አጠር ያሉ ሴትዮ ብቅ አሉ።

«እሳቸው ናቸው» አለችኝ እናቴ።

ለካ «እሳቸው» ለወንድም ለሴትም ነው! በሆላንድኛ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። ያ ስጠላው የሰነበትኩት ሽማግሌ ከነወርቅ ጥርሱ እዚያው አሸዋ ላይ ቀረ።

እፎይ ልል ስል ግን ሌላ ነገር አየሁ። ሴትዮዋ አልሳሙኝም። ልጅ አይታ አገላብጣ የማትስም የሐበሻ ሴት ገጥማኝ አታውቅም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ እኔን ትተው እናቴን አዩ፤ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው። እናቴ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ያኔ ብቻ ጉንጬን በጣታቸው ነካ አደረጉኝ።

«አንቺ ማነሽ?» አልኳቸው።

«እርስዎ ማን ነዎት ይባላል!» አለች እናቴ ተቆጥታ።

«ተያት፣ ተያት! አንቺ ትበለኝ» አሉ ፈጠን ብለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የናትሽ ጎረቤት ነኝ፤ የዱሮ። ይሄን ልጄን ልጠይቅ መጥቼ ነው።»

አራታችንም በውሃው ዳር ሄድን። ባሕር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። «ይሄ ሁሉ ጨው ነው? ለማን ወጥ ነው?» አሉና ሳቅን። እናቴ ወረቀቱን ፈትታ የሱፍ ሻርፕ አወጣች፤ አንገታቸው ላይ ጠመጠመችላቸው። ብርዱ ንፍጤን ሲያወርደው ሴትዮዋ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን በነከስኩት፤ ለእሳቸው ግን ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ፊቴን ቀና አድርጌ ቆምኩላቸው። ጣታቸው ከጆሮዬ ጀርባ፣ ፀጉር የሸፈነው ጠባሳ ላይ ደረሰ። «ይቺ ደህና ገጠመች፣ ተመስገን» አሉ ለራሳቸው።

ስለዚያ ጠባሳ እናቴን ስጠይቃት «እኔ እንጃ፣ ስትመጪ ነበረብሽ» ነበር መልሷ። እናት የማታውቀውን ጎረቤት ከየት አወቀው?

ስንለያይ እጄን ያዙና እናቴ መዳፍ ውስጥ አስቀመጡት። «በርቱ» ብለው ሄዱ፤ ዞረውም አላዩን። ከዚያ ወዲያ በአካል አላየኋቸውም። ሞታቸውን የሰማሁት አምና ነው፤ ቢሮዬ ውስጥ ነበርኩ፣ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ወደ አምስተርዳም በሚመልሰን ባቡር ውስጥ «ጎረቤት አይደሉም» አልኳት።

እናቴ በመስኮቱ ላሞቹን እያየች ነገረችኝ። ጡት እንደተውኩ ነው ለእሳቸው ሰጥታኝ ከአገር የወጣችው። አራት ዓመት እስኪሞላኝ «እማዬ» የምለው እሳቸውን ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ስትቀበለኝ ገፍትሬያት «እማዬ ጋ ውሰዱኝ» እያልኩ ሰው እስኪሰበሰብ ጮኼያለሁ። ወር ሙሉ እንዳትነካኝ እከለክላት ነበር። ሴትዮዋ መጡ ሲባል እንቅልፍ ያጣችው ያ እንዳይደገም ፈርታ ነው። ለካ እኔ እሷን ስጠረጥር እሷም እኔን ስትጠረጥር ነበር የሰነበተችው።

«ታዲያ ለምን ጎረቤት ነኝ አሉ?» አልኳት።

«እኔ አጠገብሽ ስለነበርኩ» አለች።

አገራቸው በገቡ ሰሞን እናቴ ደወለችላቸው። የሥራ ልብሷን እየተኮሰች ጥቂት አወራቻቸውና ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። ያዝኩትና ጨነቀኝ፤ ምን ብዬ ልጥራቸው? እናቴ ካውያውን ሳታቆም፣ ቀና ሳትል «እማዬ በያቸው» አለችኝ።

«እማዬ» አልኩ።

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ ደንግጦ መጣ።

«እናትሽ እዚያ የለችም እንዴ?»

«አለች» አልኳቸው። «እሷ ናት በያቸው ያለችኝ።»