ትታረድ ብዬ የጻፍኩባት ጊደር

ነገሌ ውስጥ በአንዲት የእንስሳት ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት ነው። ማዕረጌ የእንስሳት ጤና ረዳት ይባላል። ከእኔ በላይ ዶክተሩ፣ ከእኔ በታች ዘበኛው ነበሩ፤ ዘበኛው በዚህ አይስማማም ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ዶክተሩ ለስብሰባ ክብረ መንግሥት ከተማ ሄደዋል። አዲስ ጋውን ለብሼ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለሁ ኦቦ ጉዮ የሚባሉ የቦረና ከብት አርቢ አንዲት ጊደር እየጎተቱ መጡ። በሬ ረግጧት የታች መንጋጋዋ ተሰብሯል። ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ምላሷ ወደ ጎን ወጥቷል።

የሥልጠና መጽሐፌን ገለጥኩ። የመንጋጋ ስብራት ያጋጠመው ከብት ይታረድ ይላል። የጊደሯ የሕክምና ካርድ ላይ "ትታረድ" ብዬ ጻፍኩና ማኅተም አሳረፍኩበት። ማኅተም መምታት እንደዚያ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

"ወረቀቱ ምን አለ?" አሉኝ።

"ትታረድ ይላል፣ አባባ። ማኘክ አትችልም።"

"እሷ ጥርስ ባይኖራት እኔ እጅ አለኝ" አሉና ጊደሯን ይዘው ሄዱ። ካርዱን እንኳን አልወሰዱም። ምክር የማይሰማ ሰው ምን ይደረጋል ብዬ ለዘበኛው አማረርኩለት።

ከስድስት ወር በኋላ ለክትባት ወደ መንደራቸው ወጣን። ከብቶቻቸውን አሰልፈው ጠበቁን። ከሁሉም ፊት ያቺ ጊደር ቆማለች፤ መንጋጋዋ ትንሽ ወደ ግራ ከመጣመሙ በቀር ምንም አልሆነችም፣ ታመሰኳለች። "መጀመሪያ የታረደችውን ክተባት" አሉኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ስሟ በዚያው ጸና። ስትወልድ ክሊኒክ ድረስ መጥተው "የታረደችው ወለደች" ብለው የምሥራች ነገሩኝ። ዶክተሩም ሳይቀሩ በወር መጨረሻ ሪፖርቴን ሲቀበሉ "የታረደችው ደህና ናት?" ይሉኝ ጀመር። እንዴት እንዳዳኗት ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ባለሙያ ነኛ።

እንዲህ እየሆንን ከሃያ ዓመት በላይ ቆየን። በመጨረሻ አዲስ ለተቀጠሩ ልጆች የከብት መድኃኒት አጠጣጥ የማሳይ እኔ ሆንኩ። አንድ ቀን አንድ ወይፈን ይዤ አስተምራለሁ። ራሱን ቀና አድርጉት፣ ማጠጫውን በጉንጩ ጥግ አስገቡ፣ አትቸኩሉ፣ ከቸኮላችሁ ወደ ሳንባው ይገባል። ከሁሉ በላይ ፊታችሁን ከራሱ በላይ አታድርጉ። ይህን ስል ፊቴ ከራሱ በላይ ነበር። ወይፈኑ ራሱን ወደ ላይ ወነጨፈ። ልጆቹ ያን ትምህርት እስከ ዛሬ አልረሱትም።

መንጋጋዬ ሁለት ቦታ ተሰበረ። በፒክአፕ ወደ ሐዋሳ ወሰዱኝ፤ በመንገዱ ላይ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ አንድ በአንድ ተዋወቅኩት። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና ሠርተው የላይና የታች ጥርሴን በሽቦ አሰሩት። ስድስት ሳምንት አፌ አይከፈትም፣ ፈሳሽ ብቻ። ካስታወከኝ እንዳልታነቅ ሽቦ መቁረጫ ፒንሳ ከአጠገቤ አይለይ ተባለ። ባለቤቴ ራህመት ፒንሳዋን በገመድ አንገቷ ላይ አሰረቻት። የሌላው ሚስት ወርቅ ታስራለች።

ከመሥሪያ ቤት የአደጋ ሪፖርት ቅጽ መጣልኝ። "እንስሳው አሁን ያለበት ሁኔታ" የሚል ቦታ ነበረው፤ ደህና ነው ብዬ ሞላሁ። ስለ እኔ የሚጠይቅ ቦታ አልነበረውም።

ጠያቂም አልጠፋም። ጎረቤታችን ቆሎ ይዛ መጣች። አጎቴ ከሱቁ ቀርቶ ክትፎ አሠርቶ መጣ። "ይሄ ሥጋ አይባልም፣ ለስላሳ ነው" አለኝና ፊቴ ተቀምጦ ጨረሰው።

ራህመት አጥሚት የምታጠጣኝ በትልቁ የከብት ሲሪንጅ ነበር፤ አዲስ ነው፣ ከእሽጉ የወጣ። ከኋለኛው ጥርሴ ጀርባ ባለው ክፍተት ትገፋዋለች። ስትቸኩልብኝ ወረቀት ላይ "ቀስ፣ ወደ ሳንባ ይገባል" ብዬ ጻፍኩላት። "ዝም በል" አለችኝ።

ይህን አሁን ሳወራው ያስቀኛል። ያኔ አላሳቀኝም። የታች ከንፈሬ ደንዝዞ ስለነበር አጥሚቱ በአገጬ መውረዱን የማውቀው ልጄ ፊቷን ስታዞር ነው። አፈርኩ። ጓዳ ገብቼ ብቻዬን ካልሆነ አልበላም አልኩ፤ ብቻዬን ስሆን ደግሞ አልወርድ አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ሱሪዬ በቀበቶ አልያዝ አለ። ሐኪሙ ለራህመት በስልክ "ካልበላ አጥንቱ አይገጥምም" አሏት። እኔ ሲሪንጁን ሳይ ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመርኩ። ራህመት አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ አፉ የታሰረ ሰው ሲያለቅስ ግን አፍንጫው ይደፈንና ትንፋሽ ያጥረዋል። ማልቀስም ተከለከልኩ።

ኦቦ ጉዮ የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። አርጅተዋል። "አካም? ናጋ?" ብለው ጀመሩና ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ አንድም ሳያስቀሩ ጠየቁኝ፤ እኔ ለሁሉም ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ አገጬን ይዘው ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዞሩት። ልክ እኔ ከብት እንደማይ።

"ካርዱ ላይ ምን ጻፉበት?" አሏት ራህመትን። እሷ አልገባትም። እኔ በአፍንጫዬ ሳቅኩ፤ አመመኝ።

"የት ነው የምታበዪው?"

"ጓዳ ነው፣ አባባ። ሰው አይየኝ ብሎ።"

"እንዲህማ አይበላም" አሉ። "ያቺን ጊደር መጀመሪያ ለብቻ አሰርኳት። ሣር ቀጥቅጬ፣ በውሃ አርሼ፣ በጉንጯ ሰጠኋት። ሦስት ቀን ተፋች። በአራተኛው ቀን ከመንጋው መሀል አቆምኳት፤ ሌሎቹ ሲበሉ ሰጠኋት፣ ዋጠች። ከብት ብቻዋን አትበላም።"

"እሱ ከብት አይደለም" አለች ራህመት፣ ለክብሬ ተቆርቁራ።

"አይደለም። ጊደሯ በማንም ላይ ካርድ አልጻፈችም።"

ያን ቀን ምሳ ላይ ከጓዳ አውጥተው ገበታው አጠገብ አስቀመጡኝ። ልጆቹ አሉ፣ አጎቴ አለ፣ ምሳ ባለበት መቼ ጠፍቶ ያውቃል። ኦቦ ጉዮ በጢስ በታጠነ ዕቃ ወተት ይዘው ነበር። "የዚያች የታረደችው የልጅ ልጅ ወተት ነው" አሉ። ራህመት በሲሪንጁ ሰጠችኝ። በአገጬ ወረደ። ቀና ስል እሳቸውም ከዕቃው ጠጥተው ጢማቸው ወተት ሆኗል። ልጄ አንድ ፎጣ አምጥታ መጀመሪያ የሳቸውን፣ ቀጥላ የእኔን ጠረገች፣ ወደ እንጀራዋም ተመለሰች። ወተቱን እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። ከዚያ ቀን በኋላ ጓዳ አልገባሁም።

ሽቦው በጊዜው ተፈታ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ክትባት ስወጣ ኦቦ ጉዮ ከሰልፉ መሀል "የታረደው መጣ" ብለው ተጣሩ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ገበያ ላይ የምጠራው በዚሁ ነው።

መጽሐፉ አሁንም ይታረድ ይላል። እናንተ አዲስ የተቀጠራችሁ ግን ማኅተሙን ከማንሳታችሁ በፊት ጊደሯን የሚያበላት ሰው አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካለ፣ ከመንጋው ሳይለያት ያብላት። መንጋጋ ይገጥማል።