ያልተካፈልነው ሲጋር

ባለፈው ጥር ለቡ ሰፈር ሠርግ ተጠርቼ ነበር። ከምሳ በኋላ የሙሽራው ጓደኞች ከድንኳኑ ጀርባ ቆመው ሲጋር ለኮሱ። ሽታው እኛ ዘንድ ሲደርስ ልጎርሰው የነበረውን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት። አጠገቤ የተቀመጠችው ማርታ ሳቀችና ለወጣቶቹ ያችኑ የቆየች ወሬ ጀመረችላቸው።

«እኚህን ጋሼን ታያላችሁ? በደርግ ጊዜ እኛን ለማዳን ብለው ሲጋር አጭሰዋል!»

ወጣቶቹ በአድናቆት ሲያዩኝ እንደ ልማዴ አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና ይመስላቸዋል።

ነገሩ የሆነው በሰባዎቹ መጀመሪያ ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ንፋስ ስልክ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ የኩባ ወታደር የተበላሸ ካሚዮን ይዞ መጣ። ራዲያተሩን በይጄ እስክጨርስ በርሜል ላይ ተቀምጦ ወፍራም ሲጋር ያጨስ ጀመር። አጫሽ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደሱ ያለ ግን አላየሁም። ጫፉን በጥርሱ ቆረጠ፣ እሳቱ ላይ ቀስ አድርጎ አዟዟረው፣ ጢሱን ሳይውጥ አፉ ውስጥ አቆይቶ ለቀቀው። የወጥ ጨው እንደሚቀምስ ሰው ዓይኑን ጨፈነ። ሲሄድ አንዱን ከነአሉሚኒየም ቱቦው ኪሴ ከተተልኝ። ጉንጩንና ጉሮሮውን እየነካካም እንዳልውጠው በምልክት አስጠነቀቀኝ።

እንግዲህ ለጴንጤ ልጅ ሲጋር ምን ያደርግለታል? ልጥለው አሳዘነኝ፤ ልሸጠው አፈርኩ። በማግስቱም እዚያው ኮቴ ኪስ ውስጥ እንዳለ ላፍቶ ለጸሎት ሄድኩ።

ያኔ ጸሎት ቤታችን ተዘግቶ የምንሰበሰበው በጋሽ ዳና፣ በማርታ አባት ቤት ነበር። ከወላይታ የመጡ አናጢ ናቸው፤ ቤታቸው ሁልጊዜ የጽድ ፍቅፋቂ ይሸታል። አንድ ጊዜ ታስረው የተፈቱት «ሁለተኛ ብትያዝ አትወጣም» ተብለው ነው። ቢጠየቁ ደግሞ አይዋሹም። ከአብዮት ጥበቃ ይልቅ የምንፈራው ይህን የሳቸውን እውነተኛነት ነበር።

ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ በር ላይ ልብስ እያጠቡ ይጠብቁልናል። በሐምሌ ዝናብ ልብስ የሚያጥብ ሰው ራሱ ያስጠረጥራል፤ ግን የተሻለ ዘዴ አላገኘንም። እኛም ውስጥ የዳማ ሰሌዳና ቆርኪ ደርድረን፣ የተቀቀለ ድንች አቅርበን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጸልያለን።

«ማርታ! ሳሙናውን አምጪልኝ!» አሉ እትዬ አልማዝ በድንገት። ምልክታችን ይህ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱሱ ዱቄት ጆንያ ውስጥ ገባ። ወዲያው ሦስት ጥበቃዎች ጭቃቸውን እየጎተቱ ገብተው ይፈትሹን ጀመር።

«የምን ስብሰባ ነው?» አለ ካፖርት የለበሰው አለቃቸው።

«ዳማ ነው» አልኩ እኔ።

«አንተን አልጠየቅኩም። አንተ ሽማግሌ፣ ጴንጤ ናችሁ ይባላል። እውነት ነው?»

ጋሽ ዳና ቀና አሉ። ሊመልሱም አፋቸውን ከፈቱ። በዚያች ቅጽበት ኪሴን ይፈትሽ የነበረው ጥበቃ ቱቦውን መዞ አወጣ። አለቃው ከፍቶ አሸተተና ቅንድቡን ሰቀለ።

«የኩባ! ጴንጤ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚያጨሰው? እስቲ አጭስ እንይህ።»

ጫፉን ነከስኩ፤ ክብሪቱን ራሱ ጫረልኝ። ወታደሩ እንዳደረገው አዟዙሬ ሳብኩት።

ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም! በመጀመሪያ ለበሶ የተቆላ ገብስ ሆነብኝ። ቀጥሎ ምላሴ ላይ መረር የሚል ማር መጣ። ስለቀው ደግሞ የጋሽ ዳና ጽድ ሸተተኝ፤ ከቤቱ ይሁን ከአፌ መለየት አልቻልኩም። ቅጠል ብቻ ነው እኮ! ፈጣሪ በአንድ ቅጠል ውስጥ ይህን ሁሉ መደበቁ ገርሞኝ አፌን ይዤ ቀረሁ። ደግሜ ሳብኩ። ጥበቃዎቹንም፣ እስር ቤቱንም ረሳሁ።

«በቃ፣ አሁን ለሽማግሌው አቀብል» አለ አለቃው። «በየተራ ሁላችሁም ትቀምሳላችሁ።»

ጋሽ ዳና እንደማይቀበሉ ሁላችንም እናውቃለን። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«አልሰጥም» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«የኔ ነው። ለሁሉም አይበቃም።» ሲጋሩን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት።

አለቃው በሳቅ ፈነዳ። «ጴንጤዎችን አውቃቸዋለሁ፤ ያላቸውን ተካፍለው ነው የሚበሉት። ይሄ ስግብግብ ግን ጢስ እንኳ ለሰው አይሰጥም! ኑ እንሂድ።» ሲወጣ ሲጋሩን ከእጄ ነጥቆ አፉ ውስጥ ሰካው።

ወገኖቻችን ሁሉ ተንበርክከው እያለቀሱ ሲያመሰግኑ እኔ በመስኮት አይ ነበር። ገና ግማሹ እንኳ አላለቀም ነበር። ጢሱ ከዝናቡ ጋር ወደ ታች እየራቀ ሲሄድ እንባዬ መጣ። አንዷ እህት አቀፈችኝና «ስለ እኛ ብለህ ነው አፍህን ያረከስከው» አለችኝ። ጋሽ ዳና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ስንት ዓመት ተመሰገንኩበት! ጋሽ ዳናም እውነቱን ሳልነግራቸው አረፉ። በዚያ ሠርግ ላይ ግን ሽታው ነው መሰል አላስችል አለኝ።

«ማርታ፣» አልኳት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ «አባትሽን ለማዳን ብዬ አይደለም የከለከልኩት። ስለጣፈጠኝ ነው። ሰስቼ ነው።»

ትቀየመኛለች ብዬ ስጠብቅ ሳቋ አመለጣት።

«አባባ እኮ ያውቁ ነበር! ‹ሳምሶንን በአህያ መንጋጋ የረዳ አምላክ እኛን ደግሞ በዚያ ልጅ ስስት አወጣን› ሲሉ ነው የኖሩት። ‹እስኪነግረኝ እጠብቃለሁ እንጂ አላሳፍረውም› ይሉን ነበር።»

ሳህኑ ላይ የተውኩትን ጉርሻ አነሳሁት። ማርታ ግን ከእጄ ተቀብላ አጎረሰችኝ።