የዕድሩ ድንኳን ዳንቴል

እትዬ ሠርካዲስ የሚኮሩባቸው ሁለት ነገሮች አሏቸው። አንዱ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያሰሩት የዕድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ነው። ዕድሩ ቁልፉን ከሰጣቸው አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ጭልፋ እንኳን ጠፍቶ አያውቅም። ሁለተኛው ዓይናቸው ነው። ዓይናቸው ግን ከደከመ ቆይቷል። ይህን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስላቸውም።

ሥራቸው ዳንቴል ነው። አብነት ሰፈር ውስጥ የተወለደ ልጅ፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም፣ እሳቸው ዙሪያውን ዳንቴል በሠሩለት ብርድ ልብስ ነው የሚጠቀለለው። በዚህ ሥራ ደግሞ ከባዱ ክሩ አይደለም፤ ቀዳዳው ነው። የጨርቁ ጠርዝ እኩል እኩል ካልተበሳ ኪሮሹ አይገባም፤ በግድ ቢገባም ጨርቁ ይጨማደዳል። እትዬ ሠርካዲስ ድሮ የሚበሱት በወስፌ ነበር። አንድ ቀን ግን ጨርቁን ትተው ጣታቸውን ሲበሱ ዋሉ።

ያኔ ነው ተክለ ሃይማኖት ጋ ክር የሚሸጠው ነጋዴ፣ በከር፣ አንድ ነገር ያሳያቸው። እጀታ ያለው ክብ ምላጭ ነው፤ ዙሪያውን ጥርስ አለው። ጨርቅ ላይ ጫን አድርገው ሲያንከባልሉት ትንንሽ ቀዳዳ በመስመር እየበሳ ይሄዳል።

«ከስሩ ግን ወፍራም ነገር ያንጥፉ እናቴ፤ አለበለዚያ ጠረጴዛዎን ይበላዋል» አላቸው።

ከዕድሩ ድንኳን የበለጠ ወፍራም ነገር ከየት ይመጣል? ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተጣጥፎ ቁጭ ብሏል፣ ቁመቱ ራሱ የጠረጴዛ ነው። እትዬ ሠርካዲስ ማንም እንዳያይ በሩን ከውስጥ ዘግተው አሥራ ሁለት ብርድ ልብስ እዚያው ላይ በሱ። መስመሩ እንዳይጣመምባቸው ሁሌም የድንኳኑን ስፌት ተከትለው ነው። ምላጩ ብርድ ልብሱን አልፎ ሸራውንም እንደሚበሳ አላዩም። በምን ዓይናቸው!

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዙሃራ ለልጅ ልጃቸው የታዘዘውን ብርድ ልብስ ሲረከቡ ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት።

«አንቺ ሠርኬ፣ ይሄ በወስፌ ነው?»

«በወስፌና በዓይን።»

«በየትኛው ዓይን? ትናንት ድመቷን እያሳየሽ ‹ያንን ፌስታል አንሺው› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«መሽቶ ነበራ!»

«በስምንት ሰዓት?»

እሑድ የዕድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ነበር። ጥበቃው ጋሽ ሚደቅሳ ድንኳኑን ተከሉ፣ አባላቱ ገብተው ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ አቶ ገብረየሱስ ሪፖርታቸውን እያነበቡ «ንብረታችን በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» የሚለው ላይ ሲደርሱ ንፋስ መጣ። ትርርርር አለ። የድንኳኑ አንድ ጎን ደረሰኝ ከጥራዙ እንደሚገነጠል ቀጥ ብሎ ተገነጠለና አቶ ገብረየሱስን አለበሳቸው። እሳቸውም ሸራው ውስጥ ሆነው አንድ ሁለት መስመር አንብበዋል።

«አይጥ ነው» አለ አንዱ ከኋላ።

አቶ ገብረየሱስ ከሸራው ወጥተው ጠርዙን አገላብጠው አዩ። «የምን አይጥ! እንዲህ እየለካ የሚበላ አይጥ ካለ አምጡልኝና የዕድሩ ጸሐፊ አደርገዋለሁ! ይሄ የሰው እጅ ነው። ድንኳኑን የሚተክለው የሚነቅለው ማነው?»

ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ሚደቅሳ ዞረ።

«እኔ ችካል ነው የምመታው ጌታዬ» አሉ ጋሽ ሚደቅሳ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው።

«እንግዲያው ሌላ ችካል የሚመታ እንፈልጋለን።»

እትዬ ሠርካዲስ አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጡት። ከተናገሩ ቁልፉም ስማቸውም ይሄዳል። ዝም ካሉ ደግሞ ሚደቅሳ ከነኮፍያቸው ይሄዳሉ። ቁጭ ብለው አሰቡ፣ ከዚያ ብድግ አሉ።

«ሰውየውን ተዉት!» ቦርሳቸውን ከፍተው ምላጩን አወጡ። «አይጡ ይኸው።»

ነገሩን ከበከር ምክር ጀምረው አንድ በአንድ ተናገሩ። ጨርሰው ሲቀመጡ ወይዘሮ ዙሃራ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«አልሐምዱሊላህ! የሠርኬ ዓይን ተገኘ!»

ተሰብሳቢው በሳቅ ፈነዳ። አቶ ገብረየሱስ ሳቃቸውን እንደ ምንም ዋጥ አድርገው ፈረዱ፦ ጋሽ ሚደቅሳ ሥራቸው ላይ ይቆያሉ፤ ቁልፉ ግን ድንኳኑ እስኪጠገን ሊቀመንበሩ ዘንድ ይቀመጣል። እትዬ ሠርካዲስ ቁልፉን ከአንገታቸው ሲፈቱ አንገታቸው ራሱ የቀለለ መሰላቸው፤ አልወደዱትም።

ሸራውን ቤታቸው አስጭነው ወሰዱት። መቼም ከተገነጠለበት ግራና ቀኝ ያለው የቀዳዳ መስመር አንዴ ተበስቷል፣ ያውም እኩል እኩል። ወፍራም ነጭ ክር ገዝተው የተገነጠለውን ከድንኳኑ ጋር በኪሮሽ ያያይዙት ጀመር። ወይዘሮ ዙሃራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጠው «ዘለልሽ! ተመለሽ!» ሲሉ ከረሙ። እትዬ ሠርካዲስም ለመጀመሪያ ጊዜ «የት ጋ?» ብለው ጠየቁ።

ድንኳኑ እንደገና ሲተከል አቶ ገብረየሱስ ነጩን ዳንቴል ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይሄ የለቅሶ ድንኳን ነው የሙሽራ?»

«ይጎትቱትና ይዩት» አሏቸው እትዬ ሠርካዲስ።

በአንድ እጅ ጎተቱት። በሁለት እጅ ጎተቱት። ጋሽ ሚደቅሳንም ጠርተው ሁለት ሆነው ጎተቱት፤ ችካሉ ተነቀለ እንጂ ዳንቴሉ ንቅንቅ አላለም። አቶ ገብረየሱስ ቁና ቁና እየተነፈሱ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ።

«ይውሰዱ።»

እትዬ ሠርካዲስ እጃቸውን ዘረጉ፣ ከቁልፉ አንድ ስንዝር ወደ ግራ። ወይዘሮ ዙሃራ ክንዳቸውን ያዝ አድርገው እጃቸውን ቁልፉ ላይ አሳረፉላቸው።

«በወስፌና በዓይን» አሏቸው።