ቀዩ መብራት ሲበራ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ግንቦት ነው። የድሬዳዋን ግንቦት የሚያውቅ ሰው ሙቀቱ እንዴት እንደነበር አይጠይቀኝም። ቀኑን የማልረሳው በሰባ አንድ ዓመቴ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰው እንዲያድነኝ የለመንኩበት ቀን ስለሆነ ነው።

በየነ እባላለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ኤሌክትሪክ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታሁ ራሴን አስተማርኩ። ቀፊራ ገበያ አጠገብ ባለችው ሱቄ አርባ ዓመት ሠርቻለሁ። ዲግሪ ያላቸው ልጆች ሦስት ቀን የታገሉትን ጄኔሬተር፣ ያዘዝኩት ሻይ ሳይቀዘቅዝ አስነስቼላቸው አውቃለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ቀፊራ ያለ ሰው ሁሉ ይመሰክራል።

ስለዚህ ብሩክ የሚባል የአውሮፕላን መካኒክ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሽቦ የሚዘረጋለት ሰው ሲያፈላልግ፣ ሰዎች ወደ እኔ መላካቸው አልገረመኝም። አውሮፕላኗ አራት ሰው የምትይዝ፣ ባለ አንድ ሞተር፣ ዕድሜዋም ከእኔ ብዙ የማያንስ አሮጊት ናት። ጅራቷ አናት ላይ፣ ሌላ አውሮፕላን ከሩቅ አይቷት እንዳይጋጫት የሚዞር ቀይ መብራት አለ። እሱም አርጅቷል። በድሬ ፀሐይ ይብራ አይብራ አይለይም ነበር። ሥራችን እሱን አውርደን፣ በቀትር ሳይቀር በሚታይ አዲስ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት መተካት ነው። ፈቃድ ያለው ብሩክ ስለሆነ እሱ ይቆጣጠራል፣ ይፈርማል፤ የእጅ ሥራው የእኔ ነው።

ጠዋት መብራቱን ገጥመን በጊዜያዊ ሽቦ ስንሞክረው አውሮፕላኗ የቆመችበት የሃንጋር አዳራሽ ግድግዳው ቀላ። የአውሮፕላን ማረፊያው ግቢ ጥበቃ ሐዋ ልታይ መጣች። «አዴር» ትለኛለች፤ በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው። አንቱ ማለት ግን አታውቅበትም፤ እኛ ድሬዎች እንዲያ ነን። እኔም ደስ ብሎኝ አስተማርኳት።

«ይህ ቀይ መብራት ብልጭ ካለ ሞተር ሊነሳ ነው ማለት ነው። ፕሮፔለሩ ሰው ይቆርጣል። ማንም ቢጠራሽ አትቅረቢ፣ ሌላ ሰውም አታስቀርቢ።»

«አንተ ብትጠራኝስ?»

«እኔ ራሴ ብጠራሽም አትቅረቢ።»

ስድስት ሰዓት ላይ ብሩክ ለምሳ ወደ ከዚራ ሰፈር ሄደ። በግንቦት ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ድሬ ላይ ሱቁም ሰውም ዝግ ነው። ሲወጣ፣ ጅራቱ ውስጥ የቀረውን ሽቦ ስመለስ አብረን እንጨርሳለን፣ እግርዎን የሚይዝ ሰው ሳይኖር ግን እንዳይገቡ አለኝ። እሺ አልኩት። መኪናው ከግቢው እንደወጣ ቱታዬን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ። ሲመለስ ሥራው አልቆ እንዲያገኘው ፈልጌ ነበር። ሐዋ ልርዳህ ወይ ብትለኝ፣ ሰው አያስፈልገኝም፣ ሄደሽ በሩ ጋ ጥላሽ ሥር ተቀመጪ አልኳት።

መግቢያው ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ ከዕቃ መጫኛው በስተኋላ ያለች ጠባብ በር ናት። ከዚያ ወዲያ እየጠበበ የሚሄድ የቆርቆሮ ቱቦ ነው። ክብደቴ ጅራቷን ወደ መሬት እንዳይጥለው ከሥሯ መደገፊያ ቆሟል። በደረቴ እየተሳብኩ ገባሁ፤ ባትሪውን አልፌ ሽቦውን ከቦታው አደረስኩ፣ አሰርኩ። እንደዚያ ያለ ንጹሕ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ከዚያ ወደ ኋላ መውጣት ጀመርኩ።

ስገባ እሺ ያለኝ ቱቦ ስወጣ እምቢ አለ። ቱታዬ ወደ ብብቴ ተጠቅልሎ ከጀርባዬ አንድ ብረት ላይ ተሰካ። አንድ እጄ ከደረቴ ሥር፣ አንዱ ከፊቴ ነው። ወደ ፊት ብል ትከሻዬ አያልፍም፤ ወደ ኋላ ብል ቱታው ያንቀኛል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

መጀመሪያ መጮህ አፈርኩ። «በየነ ተቀረቀረ» የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ቀፊራ እንደሚደርስ አውቃለሁ። ትንፋሼ ሲያጥር ግን ፈራሁ። ብሩክ እስኪመለስ ገና ከሦስት ሰዓት በላይ ይቀራል። በዚያ ሙቀት ያን ያህል እንደማልቆይ ለመገመት ዲግሪ አያስፈልግም። ጮኽኩ፤ ድምፄ ቆርቆሮው ውስጥ ቀረ፤ የግቢው በርም ሩቅ ነው።

ያኔ ነው ብልሃት የመጣልኝ። የመብራቱን ሽቦ ልቅ ጫፍ ከፊቴ ባለው እጄ ወደ ኋላ መልሼ፣ ትከሻዬ አጠገብ ካለው ባትሪ ጋር አገናኘሁት። ከአገጬ ሥር ባለች የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ በኩል የሃንጋሩ ወለል ቀይ ብልጭ ሲል አየሁ። ሐዋ ከበሩ ታየዋለች አልኩ።

አየችው። በቀዳዳዋ በኩል ሰማያዊ ሸበጧ ሲመጣ ተመለከትኩ። ስሟን ጠራሁ። ሸበጡ ቆመ። ደግሜ ስሟን ብቻ ጠራሁ፤ አውጪኝ ማለት ገና ከአፌ አልወጣም። ሸበጡ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሌላ እርምጃ ወደ ኋላ አለና ከዓይኔ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ሰው እንዳይቀርብ ልትጠብቅ መቀመጧ ነው።

በዚያች ቱቦ ውስጥ ጠዋት ያልኩትን አንድ በአንድ አስታወስኩ። በጠራኋት ቁጥር ትምህርቴን እያከበረች ነው። እንድትመጣ ከፈለግሁ ያለኝን አንድ ምልክት ማጥፋት አለብኝ። ጠፍቶ ትታኝ ብትሄድስ? መልሼ የማበራበት ጉልበት አልነበረኝም። ጣቴ ሽቦው ላይ ስንት ጊዜ እንደቆየ እግዜር ይወቀው። በመጨረሻ ነቀልኩት። ወለሉ ጨለመ።

«ሐዋ፣ ተቀርቅሬያለሁ። እባክሽ አውጪኝ» አልኩ።

ሸበጡ እየሮጠ መጣ።

እግሬን ብትጎትት እምቢ አለ። ሄዳ ብርቱካን የምትልጥበትን ቢላ አመጣችና እስከ ትከሻዋ እጇን አስገብታ ቱታዬን ከጀርባው መቅደድ ጀመረች። «አዴር፣ ቆዳህ ከሆነ ንገረኝ» ትላለች በየመሃሉ። ቱታው እዚያው ቀርቶ እኔ በሙታንታ ወጣሁ። ውኃ አጠጣችኝ፤ የትከሻ ልብሷን ሰጥታኝ እንደ ሽርጥ አገለደምኩት።

ትንፋሼ ሲመለስ፣ ስጠራሽ እየሰማሽ ለምን ተቀመጥሽ አልኳት።

«አንተ አይደለህ አትቅረቢ ያልከኝ? ጥሩ አድርገህ ነው ያስተማርከኝ፤ ገብቶኛል» አለች።

ብሩክ በአሥር ሰዓት ሲመጣ አበባ ያለበት የሴት ልብስ አገልድሜ አገኘኝ። ሽቦውን መረመረ። ሥራው እንከን የለውም አለና፣ ሁለተኛ ብቻዎን ከገቡ ግን ከእኔ ጋር አይሠሩም አለኝ።

አውሮፕላኗ አሁን ትበርራለች። በቀትር ሳይቀር መብራቷ ከሱቄ ደጃፍ ይታየኛል፤ ደረቴ ይነፋል፣ አልዋሽም። ብልጭ ባለች ቁጥር ግን ያ ሰማያዊ ሸበጥ ወደ ኋላ ሲራመድ ይታየኛል፤ የሸሚዜን የአንገት ቁልፍ እፈታለሁ።

ማስተማሬን አልተውኩም። የምጨምራት አንዲት ነገር ግን አለች፤ እኔ ከጠራሁ፣ መጀመሪያ «ምን ሆነህ ነው?» በሉኝ።