ከጋልቬስተን የመለሱኝ ቀን

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ሰመር ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ትከሻዬን መታ አድርጎ «አብሽር» ሲለኝ እደነግጣለሁ። መጻፍ ብዙ አልችልም። የተማርኩት ኮምቦልቻ እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው። እንደሆነው እናገራለሁ።

ዳላስ ያመጣኝ ታላቅ ወንድሜ እንድሪስ ነው። ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። እሱ ሹፌር ነበር፤ እኔ ፋርመርስ ብራንች በሚባል ቦታ የዕቃ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ።

በሰመር፣ እሁድ እሁድ፣ ከሰፈራችን የወሎ ልጆች ጋር በታላቃችን በጋሽ ሁሴን ቫን የአምስት ሰዓት መንገድ ተጉዘን ባህሩ ዳር ጋልቬስተን እንወርድ ነበር። እዚያ የከተማው ሰው፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ ሸርጣን ያጠምዳል። የዶሮ አንገት በሲባጎ አስረው ዳር ካለው የድንጋይ ክምር ላይ ወደ ባህሩ ይጥላሉ። ሸርጣኑ ሲይዝ ቀስ አድርገው ይስባሉ፤ ከሥር በመረብ ይቀልቡታል። ከቸኮሉ ያመልጣል። እንድሪስ ከእነሱ ተምሮ ሁላችንንም በልጦን ነበር። እኛ አንበላውም፤ የያዝነውን አጠገባችን ለሚያጠምዱት እንሰጣለን።

«ለማትበሉት ነገር ይህን ሁሉ ነዳጅ!» ይላሉ ጋሽ ሁሴን። «ዶሮውን ብትበሉት አይሻልም?»

«ጋሼ፣ ዶሮውም እኮ ሐላል አይደለም» ይላቸዋል እንድሪስ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በረዶ እንድገዛ ተላክሁ። ሱቁ ሩቅ ነው፤ ሰልፍም ነበረው። ስመለስ ዕቃው ሁሉ ቫኑ ውስጥ ገብቷል። እንድሪስ የለም።

«እንድሬስ?»

«እግሩን ድንጋይ ቆረጠው» አለኝ ጓደኛው ቶፊቅ። «ቀላል ነው፣ ወላሂ። ሆስፒታል ወስደውታል። ነገ በባስ ይመጣል።»

«እኔ እቆየዋለኋ!»

«አያስገቡህም፤ እኛንም ከልክለውናል። አብሽር፣ ግባ።»

ባህሩ ላይ ሄሊኮፕተር ይዞራል። ጀልባዎች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ምንድን ነው ስል ቶፊቅ «ልምምድ ነው፤ እዚህ ሁሌ ያደርጋሉ» አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ቀረጽኩት። «እንድሬ፣ አመለጠህ!» ብዬ ላክሁለት።

እንድሪስ ያኔ እዚያው ውሃ ውስጥ ነበር። ሲባጎው ድንጋይ መሐል ተይዞበት ሊያስለቅቅ ሲወርድ ውሃው ጠልፎ ወስዶታል። የሚፈልጉት እሱን ነበር።

ለምን እንደዋሹኝ ኋላ ገባኝ። በእኛ ዘንድ ሰው መንገድ ላይ መርዶ አይረዳም። ቤቱ ገብቶ፣ ተኝቶ አድሮ፣ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ ጠዋት ነው የሚነገረው። ጋሽ ሁሴን ለፖሊሶቹ ስልካቸውን ሰጥተው፣ «ልጁን ሳይሰማ ቤቱ እናድርሰው» ብለው ሁሉንም ቫኑ ውስጥ አስገቡ። ባህሩ ዳር አንድም ሰው አልቀረም።

መንገዱን ሙሉ አሳቁኝ። አንድ ቦታ ፓርክ አድርገው ዓሣ ገዙልኝ፤ እነሱ አልበሉም። ቶፊቅ እንድሪስ መኪና እየነዳ እንዴት ሰው እንደሚሳደብ ያሳያል። ከሁሉም የምስቀው እኔ ነበርኩ።

«ነገ እያነከሰ ሲመጣ እንዴት እንደምንስቅበት!» አልኩ።

ቶፊቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ ጋሽ ሁሴን «እንስቅበታለን፣ ልጄ» አሉ።

ቤት ስንገባ ቶፊቅ አብሬህ ልደር አለና ስልክህን ቻርጅ ላድርግልህ ብሎ ወሰደብኝ። የተኛው እንድሪስ አልጋ ላይ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። የደከመው መሰለኝ።

ጎህ ሲቀድ ጋልቬስተን ሸርጣን ሊያጠምድ የወጣ አንድ ሰውዬ ወንድሜን አሸዋው ላይ አገኘው። ፖሊሶች ለጋሽ ሁሴን ደወሉ። እሳቸውም ሰው ሰብስበው በራችንን አንኳኩ። በሩን ስከፍት ደረጃው ሙሉ ሰው ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ማንም ሳይናገር ገባኝ። ጮኼ ልሮጥ ስል ያዙኝ። ለመያዝ ተዘጋጅተው ነው የመጡት።

ሰውዬው ፖሊስ እስኪደርስ የራሱን ፎጣ አልብሶት አጠገቡ ቆሞ ነበር አሉ። እኔ አላውቀውም። እሱም ወንድሜን አያውቀውም።

ከአርባው በኋላ ጋሽ ሁሴን መጡ።

«አኩርፈኸኛል፣ ልጄ። እስቲ ንገረኝ፣ ብትቆይ ታወጣው ነበር? ዋና እንኳን አትችል።»

«አላወጣውም።»

«ታዲያ?»

«ሲወጣ የሚያውቀው ሰው ይኖር ነበር።»

«እኛ ላንተ ብለን ነው» አሉና ተነሱ።

ለእኔ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሥርዓቱን ጠብቀዋል። ወንድሜ ግን ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ሲንገላታ እኔ ዓሣ በልቼ፣ ስቄ፣ ተኝቻለሁ። ይህን የሰጡኝ እነሱ ናቸው። መስጊድ ስንገናኝ ሰላምታቸውን እመልሳለሁ። ሽማግሌም ልከውብኛል። ሻይ አቀረብኩላቸው። ጠጡ፣ መከሩኝ፣ መረቁኝ። ይቅር ብያለሁ የሚለውን ቃል ግን ከአፌ አላገኙትም።