የኢንሳፍ ጽጌረዳና የኔ ዓይን

ካርቶኑን ባልፈታው ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። ግን እንዴት አልፈታውም? ባሌ ሽታው ባጃጅ ይነዳል። መናኸሪያ ላይ «የኢንሳፍ ዕቃ ነው፣ ስልኳ አይነሳም፣ ጎረቤቷ አይደለህ?» ብለው ጫኑበት። ደጇ ሄዶ ቢያንኳኳ ሰው የለም። አምጥቶ እኔ ፊት ዱብ አደረገው።

ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። ኢንሳፍ ከአዲስ አበባ የጽጌረዳ ችግኝ በስልክ ማዘዟን ሐይቅ ከተማ ውስጥ ያልሰማ የለም። ባሏ አሕመዲን ከጅዳ ለዒድ ሊመጣ ነው፤ ከሄደ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። «ደጄን አበባ አድርጌ ነው የምቀበለው» ስትል ከርማለች። መንገዱ ደግሞ ያው እንደምታውቁት ነው፤ ተዘጋና ዕቃው ከነአውቶብሱ የሆነ ቦታ ቆሞ ሰነበተ። ካርቶኑን ሳነሳው ቅልል አለብኝ። እርጥበት ያለው ሥር እንዲህ አይቀልም። አላስቻለኝም፣ ፈታሁት።

አፈር የለው፣ ቅጠል የለው፤ ሥሩ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ እስር እሾሃም እንጨት ነው። ጋዜጣው ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ሌላ ሰው ቢያየው ማገዶ ነው የሚለው። እኔ ግን ውጫሌ ችግኝ ጣቢያ በቀን ሥራ ብዙ ስለዋልኩ፣ ጽጌረዳ እንዲህ ራቁቱን እንደሚላክ አውቃለሁ። ቶሎ ብዬ ሥሩን ባልዲ ውኃ ውስጥ ነከርኩት። ነክሬ ቀና ስል ነው ድንጋጤው የመጣብኝ። «አንቺ ጸዳለ፣ ምን ነካሽ?» አልኩ ለራሴ።

እኔ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። አባቴ አምባሰል ውስጥ ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጥ ኖረ። የዚያን አገር መሬት ያረሰው የሱ ማረሻ ነው፤ ሰዉ ግን ማረሻውን ተቀብሎ ሲያበቃ የገዛ ልጁን ከዓይናችን በነጠላ ይሸፍን ነበር። አንድ ጊዜ የጎረቤት ጥጃ ታመመች። «የማን ዓይን እንደሆነ እናውቃለን» ተባለ። ጥጃዋ ስትሞት ቤታችን ተቃጠለ። አባቴ ወናፉን ተሸክሞ፣ እናቴ እኔን አዝላ ወጣን። ሐይቅ ስገባ ይሄን ለማንም አልተነፈስኩም፤ ወሬ ግን ከኔ ቀድሞ ገብቶ ጠበቀኝ። ፊት ለፊት ቡዳ የሚለኝ የለም፣ እውነቱን ልናገር። ብቻ ሕፃን ልስም ጎንበስ ስል እናትየው ቀልጠፍ ብላ ታነሳዋለች።

እንግዲህ አስቡት። ይቺ ሴት አገር አቋርጣ ያስመጣችውን ነገር፣ እሷ ሳታየው እኔ አየሁት።

ኢንሳፍ ከደሴ ስትመለስ ባልዲውን ተሸክሜ ሄድኩ።

«ፈታሽው እንዴ?» አለች፣ ፊቷ ልውጥ ብሎ።

«ደርቆ ነበር እኮ! ባልነክረው አልቆለት ነበር።»

«ኧረ ደግ አደረግሽ፣ አላህ ይስጥሽ።»

ከኋላዋ አብረዋት የተመለሱት አማቷ እማማ መስኡዳ ብቅ አሉ። ባልዲውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» አሉና ሻሻቸውን ፈተው ባልዲው ላይ ጣል አደረጉበት። ምን ልበል? «ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ትከሉት፣ ጠዋት ጠዋት አጠጡት» ብዬ ወጣሁ። የግቢው በር ወዲያው ተቀረቀረ።

ከዚያ ወዲያ ግቢው ውስጥ ጽጌረዳ የሚባል ነገር የለም። የት ገባ? በኋላ ቧንቧ ወረፋ ላይ ኢንሳፍ ራሷ ነገረችኝ። «እያንዳንዱን በዘይት ቆርቆሮ ተክለን ጓዳ አስገባነው። እማማ ዓይን እንዳያርፍበት ብለው፣ በጋቢ ሸፍነው እንደ አራስ ይዘውታል።» ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ግን ጸዱ፣ ጫፉ እየጠቆረ ነው።»

«ማን አየው?» አልኳት።

«ኧረ ማንም አላየው።»

ማንም ካላየው፣ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ወሬው ገበያ ወጣ። ዓሣ የምትሸጥልኝ ዙለይሃ ስታየኝ ሳፋዋ ላይ ክዳን ደፋች፣ «አልቋል» አለችኝ። የዓሣው ጭራ በጎን ወጥቶ ይታየኛል! ሌላ ጊዜ ቢሆን አገር እስኪሰማ እሰድባት ነበር። ያን ቀን ግን ባዶ ዘንቢሌን ይዤ ተመለስኩ። እቤት ገብቼ የልጄን የሰላማዊትን ልብስ በፌስታል ቋጠርኩ። ምናልባት ነው መቼስ። የተቃጠለ ሣር ቤት ሽታ ይኸው እስከ ዛሬ ካፍንጫዬ አልወጣም።

«አርፈሽ ተቀመጪ» አለኝ ሽታው። «ሄደሽ ብትነኪው፣ ነክታው ሞተ ነው የሚሉሽ።»

«ባልሄድስ? አይታው ሸሸች አይሉኝም?»

ነጠላዬን አንስቼ ሄድኩ።

እማማ መስኡዳ በር ላይ ቆሙብኝ። ያኔ ነው ምላሴ ያመለጠኝ። «እማማ፣ ይሄ አራስ አይደለም! በጨለማ የሚወፍረው እንጉዳይ ነው! ያውጡትና ፀሐይ ይየው።»

«ወጥቶ ቢሞትሳ?» አሉ።

«በኔ ይሁን!»

«በአፍሽ ተናገርሽ፣ ጸዳለ።»

በአፌ ተናገርኩ። ምኑ ነው ያናገረኝ? ኢንሳፍ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አወጣች። ጋቢው ሲገለጥ ግማሹ ግንድ ጥቁር ነው። የጠቆረውን እስከ አረንጓዴው ድረስ ቆረጥኩት። የቆርቆሮውን ቂጥ በምስማር በሳነው፤ ለካ ውኃው መውጫ አጥቶ ሥሩ ሊበሰብስ ነበር። ከዚያ የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው አጥር ሥር ደረደርነው።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ብታዩ ትስቃላችሁ። በየጠዋቱ አጥሩ ጋ ሄጄ ፊቴን ወደ አስፋልቱ አዙሬ እጮሃለሁ። «ኢንሳፍ! አፈሩን በጣትሽ ንኪው! እርጥብ ከሆነ እንዳታጠጪ!» የሚያልፈው ሰው የማወራው ከባጃጅ ጋር ይመስለዋል። አንድም ቀን ዞሬ አላየሁም። እፈራ ነበር፤ ከሰው ዓይን ይልቅ የገዛ ዓይኔን መፍራት ጀመርኩ። እውነት ቢሆንስ? እያልኩ ውኃ ስቀዳ እንኳ ባልዲው ላይ ማፍጠጥ ትቼ ነበር።

አንድ ጠዋት «ጸዱ! ጸዱ! ድረሺ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ሞቷል፣ በቃ። ሰላማዊትን «ከቤት እንዳትወጪ» ብዬ በባዶ እግሬ በረርኩ።

አቆጥቁጧል! ሁለቱ ደርቀው ቀርተዋል፤ የቀሩት ግን ከየአንጓቸው ቀይ ቀይ ለጋ አውጥተዋል። ኢንሳፍ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ ጉንጬን አገላብጣ ሳመችኝ። እማማ መስኡዳ እንኳ ከበሩ «አልሐምዱሊላህ፣ እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አባቴ ትዝ አለኝ፤ እሱን እጅህ ይባረክ ያለው ሰው አላስታውስም።

ኢንሳፍ እጄን እንደያዘች ወደ ቆርቆሮዎቹ ሳበችኝ። «ጸዱ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እንዳትቀየሚኝ።»

«አብሽሪ፣ ምን ልታዘዝ?»

«አሕመዲን እስኪመጣ ምንም እንዳይነካው... እስኪ እንትፍ በይበት።»

ዓይኗ እንዳይበላ እንትፍ በይ የምትባለው ማን እንደሆነች እናንተም ታውቃላችሁ። ኢንሳፍ ክፋት አልነበራትም፤ ጨው አበድሪኝ እንደምትለኝ ነው የጠየቀችኝ። እማማ መስኡዳ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። እምቢ ብልና ነገ ቢደርቅስ? ጎንበስ አልኩ። አፌ ኩበት ሆኖ ምራቅ አጣሁ።

«በደንብ» አለችኝ ኢንሳፍ፣ ትከሻዬን እየደባበሰች። «ሁሉም ላይ፣ በደንብ።»