የታችኛው ክር ሲያልቅ

የልብስ ስፌት መኪና የሚሠራው በሁለት ክር ነው። የላይኛው ፊት ለፊት ይታያል። የታችኛው ግን በትንሽ ማጠንጠኛ ተጠቅልሎ መኪናው ሆድ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ማለቁ የሚታወቀው ካለቀ በኋላ ነው፤ መርፌው ይወጣል ይወርዳል፣ ጨርቁ ግን አይያያዝም። ይህን ያስረዳችኝ የአንድ ሆስፒታል ልብስ ሰፊ ናት። ስፌቷ በማስመሪያ የተሰመረ ስለሚመስል ባልደረቦቿ «እትዬ ቀጥ» ይሏታል። ስለዚህች ማጠንጠኛ ደጋግሜ የጠየቅኋት ያለምክንያት አይደለም፤ የሴትዮዋ የጸሎት ሰዓት የሚታወቀው በማጠንጠኛዋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በታናሽ እህቷ ጡት ላይ እብጠት ተገኘና ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ በአሥራ ሁለት ቀን ይደርሳል ተባለ። እናታቸው ከሞተች ወዲህ እህቷን ያሳደገቻት እሷ ናት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጸሎቷን አላቋረጠችም፤ ችግሩ ስፌቱንም አላቋረጠችም። አፏ ይጸልያል፣ እጇ ይሰፋል፣ ሐሳቧ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆሟል። በአራተኛው ቀን የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ገባ።

«እትዬ፣ ጉድሽን ስሚ! የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ጋውኑን ሊለብስ ቢል እጁ መንገድ ላይ ቀረ!»

«ምን ማለትህ ነው?»

«እጅጌውን ደፍነሽ ሰፍተሽዋላ!»

እውነትም ክርኑ ላይ የነበረችውን ቀዳዳ ስትደፍን የእጅጌውን ፊትና ኋላ አንድ ላይ ሰፍታቸዋለች። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ሐኪሙ ራሱ ብቅ አለ። «እትዬ፣ ምን በደልኩዎት? ሌላ ጋውን ባይገኝ ኖሮ በአንድ እጄ ልሠራ ነበር እኮ!»

ሳቀች፤ እሱ ሲወጣ ግን አለቀሰች። ከዚያም ሥርዓት አወጣች። መርፌው ሲሄድ ዓይኗም ልቧም ስፌቱ ላይ ይሁን። የታችኛው ክር ሲያልቅ መኪናው ይቁም፤ አዲሱን እያጠነጠነች ትጸልይ። «ጌታ ሆይ፣ እህቴን በእጅህ ያዛት። እኔንም እንዳልወድቅ ደግፈኝ። አሜን።» ሌላ ቃል የለም፤ በቀን ስምንት፣ ዘጠኝ ጊዜ።

«አንድ ዓይነት ቃል አይሰለችም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ጭንቀቱስ አንድ ዓይነት አይደል እንዴ? እሱ ሳይሰለቸው እኔን ለምን ይሰልቸኝ?»

ጭንቀቱ እንዳልጠፋ አልደበቀችኝም። ግን ተራውን መጠበቅ ለመደ። በሰባተኛው ቀን እንቅልፍ ወሰዳት፤ በዘጠነኛው ምግብ ጣማት። እጅጌም ዳግመኛ አልደፈነችም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እህቷ ወረቀት ይዛ ስፌት ክፍሉ ድረስ መጣች።

«ካንሰር ነው፣ እታለም። ግን ሳይሠራጭ ደርሰንበታል፤ ማክሰኞ በቀዶ ጥገና ይወጣል አሉኝ።»

የታችኛው ክር ግማሹ እንኳ አላለቀም ነበር። ቢሆንም ማጠንጠኛውን አወጣችና እንደገና አጠነጠነች፤ ሁለቱም አብረው ጸለዩ።

«ማነው የሚሠራልሽ?»

እህቷ ስሙን ነገረቻት።

«ያ እጁ መንገድ ላይ የቀረው?»

ታማሚዋ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

ሰኞ ዕለት እትዬ ቀጥ ለማክሰኞ የተዘጋጁትን ጋውኖች ከጀርም ነጽተው ለመታሸግ ከመሄዳቸው በፊት በሙሉ አስመጣች። በእያንዳንዱ እጅጌ እጇን ከትታ ጣቶቿ በወዲያኛው ጫፍ ሲወጡ አየች። አጣቢው ያን ቀን አልቀለደም፤ አንድ በአንድ እየገለበጠ አቀበላት። የአንዱ አንገት ስፌት ላልቶ ነበርና ተቀመጠች። ግማሹን እንደሰፋች የታችኛው ክር አለቀ።

መኪናውን አቆመች።